የባሌት «አንትርሻ» አቆጣጠር

በባሌት ፈጣን ትናንሽ ዝላዮችን መለማመድ የጀመረ ሰው፣ «አንትርሻ ካትር» የተባለው፣ እግሮች አየር ላይ የሚጠላለፉበት ባለ አራት ቁጥር ዝላይ ሲሠራ አየር ላይ የሚያየው አንድ የእግር ምት ብቻ በመሆኑ፣ አራቱ ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ደንቡ የሁለቱንም እግሮች እንቅስቃሴ ለየብቻ ስለሚቆጥር አንዱ መጠላለፍ ሁለት ተብሎ ይያዛል፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ግን መሬት ሲነካ የሚደረገው መጠላለፍም አብሮ መቆጠሩን ነው። ቀኝ እግሩን ከፊት አድርጎ በአምስተኛው አቋቋም (እግሮቹ ወደ ውጭ ዞረው አንዱ ከሌላው ፊት በተጠጋበት) የቆመ ደናሽ ሲነሣ እግሮቹን ጥቂት ከፍቶ ቀኙን ከግራው ኋላ ያጋጫል (በተረከዝ ሳይሆን በባት)፣ ከዚያም እንደገና ከፍቶ ቀኙን እንደ መነሻው ከፊት አድርጎ ያርፋል። በ«አንትርሻ ሲስ» (ባለ ስድስቱ) አንድ መጠላለፍ ስለሚጨመር ቀኙ ኋላ ሆኖ ያርፋል፤ የፊተኛው እግር ካልተለወጠ ስድስቱ አልሞላም ማለት ነው፣ ለእኔ ከመስታወት የሚሻለው ማረጋገጫም ይኸው ነው።

ጎዶሎ ቁጥር በአንድ እግር ማረፍን ያመለክታል።

እንግሊዛዊው የባሌት ደናሽ ዌይን ስሊፕ እ.ኤ.አ. በ1973 በቴሌቪዥን ያሳየው ባለ 12ቱ ዝላይም በዚሁ ስሌት አምስት መጠላለፍ በአየር ላይ፣ አንድ ደግሞ በማረፊያው ላይ ነበረው።