ዶሚናንት በጎንደር ቅኝቶች፦ አምስተኛው ድምፅ የት ይገኛል?

ዶሚናንት የአንድ ስኬል (በተራ የተደረደሩ ድምፆች መሰላል) አምስተኛ ደረጃ ነው። መነሻው ድምፅ ቶኒክ ይባላል። ከዶ ተነስተን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ብለን ስንቆጥር የምንደርስበት ሶል የዶ ዶሚናንት ነው። ከዶ እስከ ሶል ያለው ርቀት 7 ግማሽ ድምፅ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ማለት በኪቦርድ ላይ ጥቁሩንም ጨምሮ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። መነሻው ሲቀየር ዶሚናንቱም ይቀየራል፤ ከሬ ብንነሳ ዶሚናንቱ ላ ይሆናል። በእነዚህ ደረጃዎች ላይ የተመሠረተው የአውሮፓ የሃርሞኒ (ድምፆችን አብሮ የማሰማት) ትምህርት መልክ የያዘው ፈረንሳዊው ዣን ፊሊፕ ራሞ በ1722 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሥራ ወዲህ ነው።

ጎንደር ውስጥ ዶሚናንት የሚለውን ቃል የሚያዘወትሩት ኖታ የተማሩ፣ ኪቦርድና ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው የአዝማሪዎች መንደር በቡርቧክስ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በጆሮና በጣት ነው። ድምፁ ግን እዚያም አለ። የማሲንቆ የፈረስ ጭራ የሚርገበገበው ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ጣት አርፎበት 40 ሴንቲሜትር ብቻ ሲርገበገብ የሚወጣው ድምፅ የባዶው ክር ዶሚናንት ነው። ክሩ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገብ ከነበረ አሁን 660 ይሆናል። ይህ የ3 ለ2 ምጣኔ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ሁለቱ ድምፆች አብረው ሲሰሙ አይጣሉም።

አዝማሪ ቶኒኩን የሚመርጠው በጉሮሮው ልክ ነው። ዛሬ ድምፁ ከከበደው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ይቃኛል። ስለዚህ «የዚህ ዘፈን ዶሚናንት ሶል ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ደረጃ የሚለካው ሁልጊዜ ከመነሻው ነው። እኔም ከዚህ በታች ሁሉንም ከዶ የማስነሳው ለማነጻጸር እንዲመች ብቻ ነው።

ጀማሪን በጣም የሚያደናግረው አቆጣጠሩ ነው። ቅኝቶቻችን፣ ማለትም የእኛ ስኬሎች፣ አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው ሶል በተራ ሲቆጠር አራተኛ ላይ ይውላል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ የለበትም። ሆኖም የተዘለለው ፋም ስለሚቆጠር ሶል አምስተኛ ደረጃነቱን አይለቅም። በቅኝቱ ተራ አምስተኛ የሆነውን ላን ዶሚናንት ያለ ሰው ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) በሙሉ ይበላሽበታል።

አሁን ቅኝቶቹን እንያቸው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። በትዝታም፣ በባቲም፣ በአምባሰልም ሶል ሳይነካ ተቀምጧል። ሚ በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚልባቸው የትዝታና የባቲ ማይነሮችም እንደዚያው ናቸው። አንቺሆዬ ግን ይለያል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ክራር ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሲቃኝ የሚነኩት ሁለት ድምፆች ናቸው። ሶል በግማሽ ድምፅ ይላላል፣ ላ ፍላት በግማሽ ድምፅ ይወጠራል። የክሩ እንቅስቃሴ ለዓይን እንኳ አይታወቅም። ጆሮ ላይ ግን ያ የተረጋጋው 3 ለ2 ይጠፋል፤ ከዶ 6 ግማሽ ድምፅ ብቻ የራቀ፣ ሰላም የማይሰጥ ድምፅ ይተካዋል። እኔ እንደሚሰማኝ የአንቺሆዬ ውበት እዚህ ላይ ነው። የሰርግ ዘፈን ሲዘፈንበት እንኳ ልብን ጠልጠል አድርጎ ይይዛል።

በቤተ ክርስቲያን ዜማ ላይ ይህን ስሌት መጫን ተገቢ አይመስለኝም። ጎንደር በአታ የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ) ምስክር ቤት ናት፤ የዜማ ስልቶቹ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የራሳቸው ምልክትና የራሳቸው ትምህርት አላቸው።

ዶሚናንት እንደ ድምፅ ሳይሆን እንደ ኮርድ ሲታሰብ ነገሩ ይከብዳል። በዶ ሜጀር የዶሚናንት ኮርድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። አውሮፓዊው ዘፈን ወደ ቤቱ፣ ወደ ቶኒኩ፣ የሚመለሰው በዚህ ኮርድ ነው፤ ሲ በግማሽ ድምፅ ወደ ዶ ትገፋለች። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ግን ሲ የለችም። ባቲ ሜጀር ሲ አለችው፣ ሬ ይጎድለዋል። አምባሰል ሁለቱም የሉትም። ሙሉውን ኮርድ አሟልቶ የያዘ ቅኝት የለም ማለት ነው። በየሰርጉ ኪቦርዱ ራሱ በሚያወጣው አጃቢ ላይ ሶል ኮርድ ዝም ብሎ ሲጫን ድምፃዊው በአንድ በኩል፣ ኪቦርዱ በሌላ በኩል ይሄዳሉ። ትዝታ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ሲን ትቶ ሶልና ሬን ብቻ መያዝ ነው፤ ድምፁ ክፍት ይሆናል፣ ማሲንቆውንም አይሸፍነውም።

አንቺሆዬ ላይ ሶል ኮርድ ባይነካ ይሻላል። ሶልም፣ ሲም፣ ሬም ከቅኝቱ ውጪ ናቸው። ከቶኒክ ላይ የሚሠራው የተለመደው ዶ፣ ሚ፣ ሶልም አይሆንም። ቅኝቱ ራሱ የሚሰጠው ሙሉ ኮርድ ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው። በዚህ ኮርድ ውስጥ አምስተኛው ድምፅ ራሱ ዶ ነው። ቤዙ (ከታች የሚሰማው ወፍራም ድምፅ) ዶን ይያዝ እንጂ ፋን አይያዝ። ፋ ከታች ከገባ ጆሮ ቤቱን ፋ ላይ ያደርገዋል፣ ዘፈኑም ቅኝቱን ይስታል።