የፕሊመዝ የቀደምት አባቶች ቀን፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ፕሊመዝ በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1620 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ 102 መንገደኞች አሳፍራ ከእንግሊዝ ተነሣች። በዲሴምበር ሰፋሪዎቹ እዚህ ወረዱ። ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት አላለፉም። በአማርኛ ስለ እነሱ ሲነሣ ወሬው ከታንክስጊቪንግና ከተርኪ አያልፍም። ከተማዋ ግን ለመሥራቾቿ የምታከብረው፣ የቀደምት አባቶች ቀን የሚባል የራሷ በዓል አላት። ሊንከን በ1863 ታንክስጊቪንግን በመላ አገሪቱ ሲያውጁ፣ ይህ በዓል ዘጠና ዓመት አልፎት ነበር።

የጀመሩት ሰባት የከተማው ሰዎች ናቸው። በ1769 መጀመሪያ ኦልድ ኮሎኒ ክለብን መሠረቱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ንጋት ላይ መድፍ ተኮሱ፤ «ኦልድ ኮሎኒ 1620» የሚል ባንዲራ ሰቀሉ። ከሰዓት በኋላ ማዕድ ቀረቡ። የምግቡ ዝርዝር ደግነቱ ተጽፎ ቆይቷል፦ የዱር እንጆሪ ፑዲንግ፣ ኦይስተር፣ ኮድ ዓሣ፣ የአጋዘን ጥብስ፣ የባሕር ወፍ፣ የፖም ፓይ፣ የክራንቤሪ ታርትና የአገሩ አይብ። ቅንጦት እንዳይመስል ሆን ብለው ያዘጋጁት ነው። በማዕዱ ከነበሩት ሁሉ የዘለቀው ሰኮታሽ ነው፤ በቆሎና ባቄላ አብሮ የሚቀቀልበት፣ ፕሊመዞች ሥጋ የሚጨምሩበት፣ ንፍሮ የሚመስል ምግብ። አሠራሩም ስሙም የመጣው ከነባሩ ሕዝብ ነው።

ቀኑ ላይ ስሕተት አለ። ከሰፋሪዎቹ ቀድመው ቦታ ሊያዩ የሄዱት አሳሾች የወረዱት በድሮው (በጁልያን) አቆጣጠር ዲሴምበር 11 ነው። በ1620 የድሮውና የአሁኑ (የጎርጎርዮስ) ካሌንደር ልዩነት 10 ቀን ነበር፤ ክለቡ ግን በራሱ ዘመን የነበረውን 11 ቀን ደመረ። በሁለት ካሌንደር ለሚኖር ሐበሻ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ትክክለኛው 21 ቢሆንም ክለቡ 22ን አልለቀቀም።

ክለቡ በ1773 በፖለቲካ ጠብ ፈረሰ፤ በ1875 እንደገና ተቋቋመ። ዛሬም አባላቱ በዚያ ብርድ ረጅም ባርኔጣቸውን አድርገው ገና ጎሕ ሲቀድ በሰልፍ ይወጣሉ፣ መድፍም ይተኩሳሉ። ይህን ያህል ዘመን ወግ ጠብቆ ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሰፋሪዎቹ ረገጡት የሚባለው የፕሊመዝ ድንጋይ በሰፋሪዎቹ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ታሪኩ የሚነሣው ከ1741 ነው። ቦታው ላይ የመርከብ ማራገፊያ ሊሠራ ሲል፣ የ94 ዓመቱ ሽማግሌ ቶማስ ፎንስ በወንበር ተይዘው መጥተው «ይኸው ነው» አሉ ይባላል። ሽማግሌው ከሰፋሪዎቹ አንዳንዶቹን በሕይወት ሳሉ ያውቁ ስለነበር ቃላቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ1774 በበሬ ስበው ሊያነሱት ሲሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። የላይኛው ግማሽ ከቦታ ቦታ ሲዞር ኖሮ በ1880 ተመልሶ ከታችኛው ጋር ተገጠመ፤ 1620 የሚለውም ያኔ ተቀረጸበት። ለቀደምት አባቶች የቆመው የግራናይት ሐውልት የተመረቀው በ1889 ነው።

መሬቱ ባለቤት ነበረው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የዋምፓኖአግ መንደር፣ ፓተክሴት፣ ሰፋሪዎቹ ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በወረርሽኝ አለቀ። በ1970፣ በ350ኛው ዓመት፣ ዋምሱታ ፍራንክ ጄምስ የተባሉ ዋምፓኖአግ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋብዘው ነበር። ጽሑፋቸው ሲታይ ግን አዘጋጆቹ አልፈቀዱላቸውም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በታንክስጊቪንግ ዕለት ነባሩ ሕዝብ ኮልስ ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ፣ በሰፋሪዎቹ ዘመን የዋምፓኖአግ መሪ በነበረው በማሳሶይት ሐውልት አጠገብ፣ የሐዘን ቀን ያስባል። ከድንጋዩ በላይ፣ እዚያው ኮረብታ ላይ፣ ስለ ሐዘን ቀኑ የሚናገር ጽሑፍ ተተክሏል። የሰፋሪዎቹን መንደር የሚያሳየው ሙዚየምም በ2020 ስሙን ፕሊመዝ ፓተክሴት ብሎ ቀየረ።