ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፦ ከምረቃው እስከ አጎዋ መዘጋት

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ዋና ሥራው ለውጭ ብራንዶች በትእዛዝ ልብስ መስፋት ነው። ንድፉ ከውጭ ይመጣል፤ ጨርቁም በአብዛኛው እንደዚያው። እዚህ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶና ታሽጎ ወደ ጅቡቲ ወደብ ይጫናል።

ግንባታው በእውነት የሚያኮራ ነበር። አንድ የቻይና ተቋራጭ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በዘጠኝ ወር ገደማ ጨርሶ አስረከበ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መረቁት። 52 ሼዶች ነበሩት። ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ማጣሪያም ተተክሎለታል፤ ሐይቅ ላላት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ሲገባ የእስያ አምራቾችም ተከትለው መጡ።

ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዷ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ቀጣይዋ እጅጌ ትገጥማለች። በ2011 መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ክፍል ኪራይ ሦስት አራት ሆነው ያዋጡ ነበር። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ አልነበረም።

በ2012 ኮሮና የአሜሪካንና የአውሮፓን ሱቆች ሲያዘጋ ትእዛዝ ተሰረዘ። አንዳንዱ ፋብሪካ ማስክ ወደ መስፋት ዞረ።

የከፋው ግን ከፖለቲካ የመጣው ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርገው ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ እንደሚያስወጡ አሳወቁ። መንግሥት ተቃወመ፤ ውሳኔው ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። እገዳው ታኅሣሥ 23 ጸና። ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ ተጣለበት። 5 ዶላር በሚያወጣ ቲሸርት ላይ 83 ሳንቲም ማለት ነው። የልብስ ትእዛዝ በሳንቲም ልዩነት ከአገር አገር ይዞራልና ይህን የሚሸከም ገዢ ጥቂት ነው። ፒቪኤች እገዳው ከመጽናቱ በፊት ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጦርነት ያልደረሰባት የሐዋሳ ልብስ ሰፊ ሥራዋን በጦርነቱ ምክንያት አጣች።

የአውሮፓ ኅብረት ገበያ ከቀረጥና ከኮታ ነጻ እንደሆነ ቀጥሏል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የላኪው የደሞዝ ወጪ በዶላር ሲሰላ ቀነሰ። የሠራተኛዋ ዘይትና ኪራይ ግን የሚከፈለው በብር ነው፤ እሱም ተወደደ።