ከአሩሻ ወደ ሳፋሪ፦ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

«አሩሻ ገብተን፣ ሻንጣ ጥለን፣ ከሰዓት አንበሳ እናያለን።»

የሰሜን ታንዛኒያ ሳፋሪ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ዕቅዱን የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው። አሩሻ ግን ገበያ፣ የመኪና ጭንቅንቅና ዳላዳላ የሚባል ሚኒባስ ታክሲ የሞላባት ከተማ ናት። አንበሳው ሩቅ ነው። ታራንጊሬ ብሔራዊ ፓርክ በመኪና 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ንጎሮንጎሮ የሚባለው የጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ መግቢያ ከ3 እስከ 4 ሰዓት። ሴሬንጌቲ መሃል ለመግባት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያዙለት። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከንጎሮንጎሮ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ አቧራና ንዝረት ብቻ። ሾፌሮቹ «የአፍሪካ ማሳጅ» እያሉ ይቀልዱበታል። ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁ፣ እኔን ብትጠይቁኝ ሴሬንጌቲን ተዉት። ታራንጊሬና ንጎሮንጎሮ ይበቃሉ። ገንዘብ የማይቸግረው ከከተማዋ ትንሽ አየር ማረፊያ በአነስተኛ አውሮፕላን መብረር ይችላል።

አፍንጫዋ ሥር ያለውን የአሩሻ ብሔራዊ ፓርክ ግን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እዚያ መሣሪያ ከታጠቀ ጠባቂ ጋር በእግር መሄድ ይቻላል። ቀጭኔ፣ ጎሽና ጉሬዛ አለ።

«ኪሊማንጃሮ ያለው አሩሻ ነው።»

አይደለም። ከተማዋ አናት ላይ የቆመው ተራራ ሜሩ ነው፣ 4,566 ሜትር። 5,895 ሜትር ለሚረዝመው ኪሊማንጃሮ የምትቀርበው 80 ኪሎ ሜትር ያህል በምሥራቅ ያለችው ሞሺ ናት። ሜሩን ፎቶ አንስቶ «ኪሊማንጃሮ» ብሎ የሚለጥፈው ሰው ቁጥር ግን ቀላል አይደለም! የኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላለ በናይሮቢ በኩል መዞር ግዴታ አይደለም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ብቻ እንዳትረሱ፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ይጠየቃል።

«ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ቲሸርት ይበቃል።»

አሩሻ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የንጎሮንጎሮ አፋፍ ደግሞ ከ2,200 ሜትር ይበልጣል። ገና ሲነጋ የላንድክሩዘሩ ጣሪያ ተከፍቶ፣ ቆማችሁ፣ ጭጋጉ ፊታችሁን እየገረፋችሁ ስትሄዱ ጣታችሁ የካሜራውን ቁልፍ መጫን ያቅተዋል። ሹራብም ጃኬትም ያዙ። 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ የእሳተ ገሞራው ወለል ላይ ስትደርሱ አየሩ ይሞቃል፤ ያኔ ታወልቁታላችሁ። እዚያ ታች «ሁሉም እንስሳ አለ» ሲሏችሁም አትመኑ። አውራሪስ አለ፣ ቀጭኔ ግን የለም።

«የዊልደቢስት ፍልሰት የሐምሌ ትዕይንት ነው።»

ዊልደቢስት በሬ የሚመስል፣ በመንጋ የሚጓዝ የዱር እንስሳ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚታወቀው ሰሜን ላይ የማራን ወንዝ ሲሻገሩ ነው። መንጋው ግን ከሚሊዮን በላይ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። በጥርና በየካቲት ደቡብ ላይ፣ ንዱቱ አካባቢ ይወልዳል። አዳኝ እንስሳ ማየት ለሚወድ እኔ ይህን ወቅት አስበልጣለሁ፤ ጥጃው ባለበት ጅቡም አቦሸማኔውም አይጠፋም።

«አሩሻ የቱሪስት ማደሪያ እንጂ ሌላ ምን አላት?»

የታንዛኒያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ አገሪቱን ወደ ሶሻሊዝም የመሩበት የአሩሻ አዋጅ በ1967 የጸደቀው እዚህ ነው። የሩዋንዳን የዘር ጭፍጨፋ የዳኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የተሰየመው እዚህ ነው። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም ሥራውን አዲስ አበባ ጀምሮ በ2007 ወደዚህ ተዛውሯል። ሁሉም ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ሰዓታቸው ያምታታናል።»

እኛን? ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ነው። ሾፌራችሁ «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ አሱቡሂ» ካላችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው። የአስጎብኚው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው 6 ግን የፈረንጅ ነው። እንደኛ ቆጥራችሁ እስከ ምሳ ሰዓት እንዳትተኙ፤ መኪናው በር ላይ የሚቆመው ሲነጋ ነው።