የአየር ሁኔታ ትንበያ ምንድን ነው?

«ትንበያ» እና «ነቢይ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። «ነገ ከሰዓት ዝናብ ይጠበቃል» ተብሎ ጠብ ሳይል ሲውል ነቢዩ የዋሸን ያህል የሚከፋን ለዚህ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ትንበያ ለሕዝብ ያወጣው ሰው ግን ሥራው ትንቢት እንዳይባልበት አጥብቆ ይከራከር ነበር። ለእሱ ትንበያ ማለት ከልኬትና ከስሌት የተገኘ ግምት ነው።

ሰውየው ሮበርት ፊትዝሮይ ይባላል። በ1805 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) እንግሊዝ አገር ተወለደ። በ12 ዓመቱ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ቻርልስ ዳርዊንን ይዛ ዓለምን የዞረችው የቢግል መርከብ አዛዥ እሱ ነበር። ስለ ጉዞዎቹም በ1839 መጽሐፍ አሳትሟል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በዳርዊን በኩል ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሠራው ይበልጥብኛል።

በ1854 መንግሥት የባሕር ላይ የአየር መረጃ የሚሰበስብ ትንሽ ቢሮ ከፍቶ ኃላፊ አደረገው። የተሰጠው ሥራ መሰብሰብ ብቻ ነበር። በጥቅምት 1859 ግን ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ ከአውስትራሊያ ወርቅና መንገደኞች ጭና ሊቨርፑል ልትገባ ትንሽ ሲቀራት፣ በዌልስ ዳርቻ ማዕበል ከዐለት ጋር አላትሞ ሰባበራት። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ፊትዝሮይ እነዚህን ሰዎች ማስጠንቀቅ ይቻል ነበር ብሎ አመነ።

እንዴት? ማዕበል ይጓዛል፤ ቴሌግራፍ ደግሞ ይቀድመዋል። ባሮሜትር የአየርን ግፊት ይለካል። ግፊቱ ቶሎ ቶሎ ከወረደ መጥፎ አየር እየቀረበ ነው። የአንድ ቦታ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከየወደቡ የመጣው ግፊት፣ ሙቀትና ነፋስ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ማዕበሉ ወዴት እንደሚያመራ ፍንጭ ይሰጣል። ዛሬ ሳተላይትና ኮምፒውተር ተጨምሯል እንጂ መነሻው ያው ነው፦ ከብዙ ቦታ ለካ፣ አገናኝ፣ ወደፊት አስላ።

በ1861 የማዕበል ማስጠንቀቂያ ተጀመረ። ከለንደን መልእክት ሲደርስ በወደቡ ምሰሶ ላይ ሾጣጣ ምልክት ይሰቀላል። ጫፉ ወደ ላይ ከሆነ ብርቱ ነፋስ ከሰሜን ይመጣል፤ ወደ ታች ከሆነ ከደቡብ። ፊደል ያልቆጠረ ዓሣ አጥማጅም ቀና ብሎ አይቶ ይረዳዋል። ይሄ ነገሩ ልቤን ይነካዋል። በዚያው ዓመት ኦገስት 1 ቀን ታይምስ ጋዜጣ ላይ ለሕዝብ የሚሆን የመጀመሪያው ትንበያ ወጣ። ለሁለት ቀን ጥሩ አየር ይሆናል የሚል ነበር።

በ1863 አሠራሩን በመጽሐፍ አስረዳ። ግምቱ በሳተ ቁጥር ግን ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ ሳይንቲስቶችም መሠረቱ ደካማ ነው አሉ። ጤናው ተቃውሶ፣ ገንዘቡም አልቆ ነበር። ኤፕሪል 30 ቀን 1865 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በዓመቱ ትንበያውም ማስጠንቀቂያውም ቆመ።

ዝም ያላሉት የባሕር ሰዎች ናቸው። ምልክቱ ይመለስልን ብለው ወተወቱ፤ በ1867 ተመለሰላቸው። የጋዜጣው ትንበያ ግን የተመለሰው በ1879 ነው። በ2002 ደግሞ ከስፔን ሰሜን ምዕራብ ያለው የባሕር ክልል ፊትዝሮይ ተባለ። ዛሬ በእንግሊዝ ሬዲዮ ለመርከበኞች ትንበያ ሲነበብ ስሙ አብሮ ይጠራል።