በበረንዳ ላይ የሚያድጉ ጥዶች አገራረዝና ቅርጽ አያያዝ

ጁኒፐር፣ ፓይን፣ ስፕሩስና ሳይፕረስን የመሳሰሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆነው የሚቆዩ የጥድ ዘመዶች በመትከያ ዕቃ ሲያድጉ፣ መጠናቸው ከበረንዳው ጋር ተመጣጥኖ የሚኖረው በመግረዝ ነው። የአገራረዙ ዋና ሕግ ከዛፎቹ ተፈጥሮ ይመነጫል፤ አብዛኞቹ ቅጠል ካጣ አሮጌ እንጨት ላይ መልሰው አያቆጠቁጡም። ስለዚህ ቅርንጫፍ ሲያጥር በቀሪው ክፍል ላይ የግድ አረንጓዴ ቅጠል መኖር አለበት፤ እስከ ባዶው እንጨት ድረስ ከተቆረጠ ይደርቃል። ዩ የተባለው ዛፍ ግን ከአሮጌ ግንዱም ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉና ዘሩ መርዛማ ስለሆኑ ቁርጥራጩ ሕፃናትና የቤት እንስሳት ሳይደርሱበት መጠረግ ይኖርበታል።

ዛፍን በዕቃ አሳንሶ ማሳደግ በቻይና ጥንታዊ ጥበብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራው የልዑል ዣንግኋይ መቃብር የግድግዳ ሥዕል ላይ ትንንሽ ተክሎች ያሉበትን ትሪ የያዘ አገልጋይ ይታያል። ጥበቡ በጃፓን ቦንሳይ ተብሎ ረቀቀ። ከ1923ቱ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ከቶኪዮ የለቀቁ አትክልተኞች በ1925 የኦሚያን የቦንሳይ መንደር መሠረቱ። ከ1625 ጀምሮ በዕቃ ውስጥ እየተገረዘ የኖረው የያማኪ ቤተሰብ ነጭ ፓይን ደግሞ በ1945 ሂሮሺማ ላይ የተጣለውን የአቶሚክ ቦምብ በግቢው ቅጥር ተከልሎ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተበርክቷል፤ ዛሬም በዋሽንግተን ይገኛል። በጥንቃቄ የተገረዘ ዛፍ ምን ያህል ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ፓይን በጸደይ ወቅት ከየቅርንጫፉ ጫፍ ቀጥ ያሉ ለጋ ቀንበጦችን ያወጣል። መርፌ መሰል ቅጠሎቹ ከመዘርጋታቸው በፊት ቀንበጡን በሁለት ጣት ይዞ ግማሽ ያህሉን መቀንጠስ ዛፉን ጥቅጥቅ ያደርገዋል። መቀስ ቅጠሎቹን አብሮ ስለሚቆርጥ ጫፋቸው ቡናማ ይሆናል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ጣት ይመረጣል። የስፕሩስ ለጋ ቀንበጥም እምቡጡን የሸፈነው ቡናማ ልባስ ሲረግፍ ይቀነጠሳል። በጁኒፐር ላይ ግን ባለሙያዎች አይስማሙም፦ ቀድሞ ጫፉን በጣት መቀንጠስ በሰፊው ይሰጥ የነበረ ትምህርት ሲሆን፣ ዛሬ ብዙዎች ይህ ዛፉን እንደሚያደክም በመግለጽ የረዘመውን ቀንበጥ ብቻ በስለታም መቀስ ከመሠረቱ ማንሳትን ይመክራሉ፤ የኋለኛው አሠራር የተሻለ ይመስላል። ጁኒፐር ከልክ በላይ ሲገረዝ የሚያወጣው ቅጠል እንደ ችግኝነቱ ዘመን ሹልና ወጊ ይሆናል።

በበረንዳ ላይ ቅርጽን አብዝቶ የሚያበላሸው የብርሃን ከአንድ ወገን መምጣት ነው። ወደ ግድግዳው የዞረው ጎን ከውስጥ እየደረቀ ይራቆታል፣ አንዴ ከተራቆተም ስለማያቆጠቁጥ ዕቃውን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ማዞር ከማንኛውም መቀስ ይበልጣል። ቅርጹም ከሥር ሰፋ ከላይ ጠበብ ቢል የታችኞቹ ቅርንጫፎች ብርሃን ያገኛሉ። ቅርንጫፍን ለማጠፍ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ሽቦ ይጠመጠምበታል፤ ሽቦው ቅርፊቱ ውስጥ መስመጥ ከመጀመሩ በፊት፣ ጥምጥሙን በመፍታት ሳይሆን እየቆራረጡ ቢያወጡት ቅርንጫፉ አይሰበርም።