«እሪ በከንቱ»፦ ነቀፋው ለማን ነው?

ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ረዳቱን መልሳቸውን ይጠይቃሉ። ረዳቱ አልሰማም። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አንድ ወጣት ከኋላ «ማዘር፣ እሪ በከንቱ ነው፤ ይተዉት» አላቸው። ሰው ሳቀ። እኔን ግን ከነከነኝ። ልጁ አባባሉን ገልብጦ ነው የተናገረው።

እሪ በከንቱ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ ሰፈር ነው። ረጃጅም የቦታ ስሞች ሲነሱ ኒውዚላንድ ያለው ባለ 85 ፊደል ኮረብታ ይጠቀሳል፤ ታማቴአ የሚባል የእግሩ ጉልበት ትልቅ የሆነ ሰው ለሚወዳት ዋሽንት የነፋበት ቦታ ማለት ነው አሉ። እኛም ታሪክን ስም ላይ መጫን እናውቅበታለን። በምኒልክ ዘመን የመንገድ መዳመጫው የተሰበረበት ቦታ ሰባራ ባቡር ተብሎ ቀርቷል። እሪ በከንቱን የሚያህል ግን አላውቅም። በስድስት ፊደል አንድ ሌሊት ሙሉ ይተርካል። ሸለቆው ውስጥ ሌባ ይሸምቅ ነበር፣ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የሚደርስለት አልነበረም ይባላል።

የዚህን ስም ክብደት የሚያውቀው የገጠር እሪታን የሰማ ነው። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ሳለሁ ሌሊት ጅብ በረት ሰብሮ ገባ። አያቴ ደጅ ወጥታ «እሪ!» አለች። ከወንዙ ማዶ ሌላ ሴት ተቀበለቻት። ከዚያ ከጉብታው ላይ ሌላ። ችቦ ከየቤቱ ብልጭ ብልጭ አለ። ቀድሞ የደረሰው ጎረቤታችን ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ዱላውን ይዞ፣ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ ነበር። እሱና አያቴ በድንበር ተጣልተው አይነጋገሩም። እሪታ ግን ኩርፊያ አያውቅም። ሰምቶ የቀረ ሰው በነጋታው «የት ነበርክ?» መባሉ አይቀርም፤ መልስ ከሌለው አገር ያዝንበታል።

እንግዲህ የኔ ግምት ይኸውና። ስሙን ያወጡት የተዘረፉት አይመስሉኝም፤ ከገጠር የመጡት ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ሰው ከየአገሩ ሲጎርፍ፣ እሪታ ሰምቶ መሮጥ የለመደ ገበሬም አብሮ መጣ። ከዚያ ገደል ጩኸት ሲሰማ በር ሲከፈት ሳይሆን ሲቀረቀር አየ። ነውር ሆነበት። ከተሜ ቢሆን «ሌባ ሰፈር» ብሎ ያልፈው ነበር። ስሙ ግን ስለ ሌባው ትንፍሽ አይልም። የሚናገረው ሰምቶ ስላልወጣው ሰው ነው።

ታዲያ ዛሬ የጮኸውን ማሸማቀቂያ ሲሆን እንዴት አያንገበግብ? ፌስቡክ ላይ «ልጄ ጠፋብኝ» ላለ ሰው እንኳ ከሥሩ «እሪ በከንቱ» ብሎ የሚጽፍ አለ። ይሄ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? በረባ ባልረባው ለሚንጫጫ ሰው «ባዶ ቆርቆሮ» የሚል አባባል አለልን፤ ያ ይበቃል።